ሄሊኮፕተሯን ምን ጣላት? ከጉለሌ እስከ ጀማ ሸለቆ የሦስት ቀን መንገድ

ሰኞ ጠዋት፣ ጉለሌ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ እህል በሄሊኮፕተር በሚያመላልስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጥገና ቴክኒሻን ነበርኩ። በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ከጉለሌ የተነሣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ወይራ አምባ በምትባል መንደር፣ ስንዴ የጫነች ሄሊኮፕተራችን ልታርፍ ስትል ወድቃለች። ምን ጣላት?

አብራሪው መቶ አለቃ ደረጀ ጓደኛዬ ነው። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ በሩ ላይ ሁለት ጠባቂ ቆሟል። ለጠየቁት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «አላስታውስም።» የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴም በዚሁ ተነሥቶ «የአብራሪው ቸልተኝነት» ብሎ ጽፏል። በዚያ ዘመን ቸልተኝነት የሚለው ቃል አንድ ፊርማ ሲጨመርበት አሻጥር ይሆናል፤ አሻጥር ደግሞ ሰውን የት እንደሚያደርስ ማንም ነጋሪ አያስፈልገውም። ቦታው ድረስ ሄጄ አይቼ የመጨረሻውን ሪፖርት እንድጽፍ ሦስት ቀን ተሰጠኝ።

ላንድሮቨሯ ሽሮ ሜዳ ከቤታችን በር ላይ ስትቆም የደረጀ ባለቤት ጽጌ ቀድማ ደርሳ ነበር። ዊንጌት አካባቢ አስተማሪ ናት፤ ወደ ክፍል ከመግባቷ በፊት በእግሯ መጥታለች።

«ሳሚ፣ አድንልኝ ብዬ አልለምንህም» አለችኝ። «ያየኸውን ብቻ ጻፍ። ካጠፋም ማጥፋቱን ልወቀው።»

«አላጠፋም። ምክንያቱን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

ገና ሳልሄድ ማወቄ ነው እንግዲህ። ያኔ እንዲያ ነበርኩ። የሸማኔ ልጅ ሆኜ፣ ከአባቴ የሸማ ጉድጓድ ወጥቼ ሞተር ፈትቼ እስከ መግጠም በመድረሴ፣ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የኬላው ወተት

ሾፌራችን ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ መሪ የጨበጡ ሽማግሌ። ከኋላ ጓድ ታምራት ተቀምጧል። የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ምርመራውን «እንዲከታተል» ተመድቧል። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የካኪ ኮቱ ኪስ በእስክሪብቶ ተሞልቷል።

አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ቁልቁል ይወርዳሉ። ጭነቱ ከወገባቸው በላይ ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል። ሱሉልታ ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀታችንን ሦስት ሰው አነበበው፤ ሦስተኛው ገልብጦ ይዞት እንደነበር ጋሽ በቀለ እስከ ጫንጮ ድረስ ሲስቁበት ሄዱ። ከኬላው ማዶ በአንድ ስሙኒ ብርጭቆ ሙሉ የሞቀ ወተት ጠጣን። ሜዳው ላይ ሣሩ አሁንም ነበር፤ ያን ሣር ያየ ሰው ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ሰው ይራባል ቢሉት አያምንም።

«እኔ የማይገባኝ» አሉ ጋሽ በቀለ፣ «ይህ የናንተ ነገር ሰማይ ላይ ደኅና ይሰነብትና መሬት ሲያይ ለምን ይወድቃል?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። እስከ ሙከጡሪ አስተማርኳቸው። ሄሊኮፕተር አየር ላይ ሲሄድ ጠላቱ ጥቂት ነው፤ ሲያርፍ ግን ሁሉም ነገር ጠላቱ ይሆናል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል፤ ጠዋት የተሸከመውን ጭነት ቀትር ላይ መሸከም ያቅተዋል። ነፋስ ከኋላው ከመጣበት ሳያስበው ይሰምጣል። ሜዳው ካዘነበለ በአንድ እግሩ ይቆምና ይገለበጣል። የራሱ ነፋስ ያስነሣው አቧራ አብራሪውን ያሳውረዋል። ከሁሉም የከፋችው ጭራው ላይ ያለችው ትንሿ ሽክርክሪት ናት። ላይኛው ትልቁ ሲዞር የሄሊኮፕተሩ አካል ደግሞ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል፤ ይዛ የምታስቆመው እሷ ናት። ቁጥቋጦም ሆነ ጉቶ ከነካት አበቃ፤ ሄሊኮፕተሩ እንደ እንዝርት ይሾራል።

ጋሽ በቀለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቅህ ወዴት ነው የምንሄደው?»

«የትኛው እንደሆነ ለማየት ነዋ።»

«ከነዚህ አንዱ ባይሆንስ?»

«ከነዚህ አንዱ ነው» አልኩ።

ሙከጡሪ ላይ ፓስታ በልተን ዋናውን መንገድ ለቀቅንና ወደ ምሥራቅ ታጠፍን። ከዚህ ወዲያ መንገዱ ስሙ ብቻ ነው። አቧራው በመስኮት ሳይሆን በወለሉ በኩል ነው የሚገባው። በዚህ ሁሉ ጓድ ታምራት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ መኪናዋ እንዲያ እየዘለለች የጻፈውን መልሶ ማንበብ መቻሉን ግን እጠራጠራለሁ። ለሚ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከተማዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ናት፤ ከመጨረሻው ቤት ጓሮ በኋላ መሬት የለም።

ማክሰኞ፣ ቁልቁለቱ

ከለሚ ወይራ አምባ በእግር የሦስት ሰዓት ቁልቁለት ነው። የተከራየናት በቅሎ መሣሪያዬን ተሸከመች፤ እኛ ራሳችንን ተሸከምን። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሣሩ እየጠፋ ሄደ። ሽቅብ የሚወጡ ቤተሰቦች አገኘን፤ ያላቸውን ሁሉ በአንዲት አህያ ጭነው ወደ ለሚ ይሄዳሉ። እነሱም ሰላምታ ሰጡን፣ እኛም ሰጠናቸው። ሌላ የምንባባለው አልነበረም።

ወይራ አምባ በገደሉ ወገብ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣች ጠባብ ሜዳ ናት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽብሩ ከመንደሩ ውጭ ተቀበሉን። ዘለግ ያሉ፣ ልብሳቸው የሰፋቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ደረጀ ነው። «ይተርፋል» ብዬ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አነሡ። ካረፍን በኋላ የእርዳታ ስንዴ ንፍሮ አቀረቡልን፤ አንዳንድ ጭብጥ። እምቢ ብንል ያፍራሉ፣ ብንበላ እኛ እናፍራለን። በላን፤ የያዝነውን ዳቦም ለቤቱ ትተን ወጣን።

ሄሊኮፕተሯ ሜዳው ዳር በጎኗ ተኝታለች። ሥራዬን በልበ ሙሉነት ጀመርኩ። ሜዳው ሜዳ ነው፤ አላዘነበለም። ጭነቱ በልኩ ነበር፤ ከረጢቶቹን ቆጠርኩ። የወደቀችው በጠዋት ነው፤ ነፋስ አልነበረም። አቧራም የለም፤ መሬቱ ጥቁር፣ ደርቆ የተሰነጠቀ፣ የነጣ አጭር ሣር የሸፈነው ነው። ጉቶ ይኖራል ብዬ ሜዳውን በእግሬ አዳረስኩት። እንኳን ጉቶ ጠጠር አላገኘሁበትም። ያን የመሰለ ንጹሕ ሜዳ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እንደ አውድማ ተጠርጓል።

ምክንያቶቼ አንድ በአንድ አለቁብኝ። ጓድ ታምራት ከአጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ስለዚህ የቀረው አብራሪው ነው» አለ።

ወደ ጭራዋ ሄድኩ። የትንሿን ሽክርክሪት ሽፋን ስፈታ ዘንጓ ላይ ጥቅልል ያለ፣ በቅባት የጠቆረ ነገር አገኘሁ። በቢላዋ ቆርጬ አወጣሁት፤ በቤንዚን አጥቤ በጣቶቼ መካከል አሸሁት። ክር ነው። እዚህ ላይ ያስተማረኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አይደለም፤ አባቴ ነው። ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ይላል። የፋብሪካ ክር እንዲህ አይሆንም። ይህ በሴት እጅ፣ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው፤ የጋቢ ማግ።

«ጋቢ ነው» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ። ወዲያው ተጸጸትኩ።

ጓድ ታምራት እስክሪብቶውን አወጣ። «ጋቢ? ጋቢ እዚያ ውስጥ ምን ያደርጋል? ማነው ያስገባው?» ወደ አቶ ሽብሩ ዞረ። «ሜዳው ላይ ጋቢ ያነጠፈ ሰው አለ?»

መመሪያው

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ሴት።

ከቆመው ሕዝብ መካከል ወጣች። ወይዘሮ አስካለ ይሏታል፤ ስድሳ ያለፋት፣ ደረቅ ያለች ሴት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመንደሩ ሁሉ አንደኛ ወጥታ የምስክር ወረቀት ያገኘች እሷ ናት፤ ስለዚህ ለወይራ አምባ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የምታነብ እሷ ናት። ምንም ፍርሃት አልታየባትም፤ እንዲያውም የኮራች ትመስል ነበር።

«ወረቀቱ እንዳዘዘን ነው ያደረግነው። አንዲት አላጎደልንም» አለች።

«የቱ ወረቀት?» አልኳት።

አቶ ሽብሩ ከሸምበቆ ማኅደር ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። እጇን ዘርግታ፣ ከዓይኗ አርቃ ይዛ፣ ተማሪ ቤት እንዳስተማሯት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«አንደኛ፣ የማረፊያው ሜዳ ከድንጋይ፣ ከጉቶና ከጭራሮ ፈጽሞ የጸዳ ይሁን። ሁለተኛ፣ በመካከሉ በነጭ ጨርቅ ጉልህ የመደመር ምልክት ይሠራ። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ይቁም...»

ሦስተኛውን አልሰማሁትም። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ድንጋይ እየፈነጠረ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። «ፈጽሞ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለማጥበቅ ብዬ በኋላ ነው የጨመርኩት፤ በጣም ወድጄው ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት እንዴት ታደርጉ ነበር?»

«በፊትማ አሮጌ ጆንያ እናነጥፍና አራት ማዕዘኑን በድንጋይ እንጭነው ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ለቀምን፤ ልጅ አዋቂ ሳይቀር። ሽብሩ እንኳ 'የጨርቁን ድንጋይ እንተወው' ብሎኝ ነበር። 'ፈጽሞ ይላል፤ ፈጽሞ ማለት ፈጽሞ ነው' አልኩት።» ወደ አቶ ሽብሩ አየች፤ እሳቸውም እውነት ነው በሚል አንገታቸውን ደፉ። «ደግሞስ እህል ይዞ ለመጣ እንግዳ ድንጋይ ደርድሮ ይጠበቃል?»

«ጆንያውስ?»

«ነጭ ይላል እኮ! ጆንያ መቼ ነጭ ሆነ? ነጭ ልብስ ያለው ሁሉ ለሚ አውጥቶ በእህል ለውጦታል። የቀረው የኔ ጋቢ ነው፤ ለመቀበሪያዬ ያኖርኩት። መደመር ሁለት መስመር ስለሆነ ለሁለት ቀደድኩት።»

በጠራው ሜዳ ላይ፣ ምንም ያልተጫነበት፣ ለሁለት የተቀደደ ጋቢ። ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ወደ ታች የሚገፋው ነፋስ ቆርቆሮ ይነቅላል። ይህን ለጋሽ በቀለ ሰኞ ዕለት ስሰብክ ነበር። ጨርቅ እንደሚበር ለማወቅ ደግሞ ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም፤ እኔማ ሸማ ሲሰጣ በድንጋይ በሚጫንበት ግቢ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ጓድ ታምራት ዝግ ብሎ ይጽፋል። «ወይዘሮ አስካለ...» አለ፣ «የአባትሽ ስም?»

አፈርኩም ተናደድኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የሚባለው ይህ ነው። ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኩና ለእሱ ሰጠሁት።

«ስሟን ከመጻፍህ በፊት ግርጌውን አንብብ» አልኩት። «የጻፈው እኔ ነኝ። ማኅተሙ ደግሞ የማን ክፍል ነው?»

ረዥም ጊዜ አየው። ረቂቁን ይዤለት ስገባ «በነጭ ጨርቅ መስቀል ይሠራ» ይል ነበር፤ «መስቀል ሃይማኖታዊ ነው፣ የመደመር ምልክት በል» ብሎ አርሞ ያተመው ራሱ ነው።

«እኔ የለወጥኩት አንድ ቃል ብቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እውነት ነው። የቀረው ጥፋት የኔ ነው፤ እንዲያ ብዬም እጽፈዋለሁ። አንተ ያየኸውንና የሰማኸውን ትመሰክራለህ። በቃ።»

ማስታወሻውን ከደነው። የጀመረውን ስም ሲሰርዝ አይቻለሁ።

ከመሄዳችን በፊት እትዬ አስካለና እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አዲስ መመሪያ ጻፍን። እኔ አነባለሁ፣ እሷ «ይህን ሰምቼ ነገ ጠዋት ምን አደርጋለሁ?» እያለች ትፈትነኛለች። ሁለት ጊዜ አስቀደደችኝ። ሦስተኛው ላይ «ለመሆኑ ጨርቅ ለምን አስፈለገ?» አለች። «አፈሩ ጥቁር፣ ሣሩ ደረቅ ነጭ። በሽብሩ በሬዎች ምልክቱን ብናርሰው ከሰማይ አይታይም?» ይታያል። ከጎኑ ከታረፈ ጓሉ አይበርም። ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ይህ አልመጣልኝም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትል ነበር እናቴ፤ እኔን ለማለት ነው ለካ።

ረቡዕ፣ መመለሻ

ወይራ አምባ አድረን በሌሊት ተነሣን፤ ዳገቱ አምስት ሰዓት ፈጀብን። ለሚ ላይ ሪፖርቱን በካርቦን ሦስት ቅጂ ጻፍኩ፦ አብራሪው አላጠፋም፤ የመንደሩ ሰዎች የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ አደጋውን ያመጣው መመሪያው ነው፤ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓድ ታምራት ቆሞ አነበበውና በምስክርነት ፈረመ። ያን ጊዜ ወደድኩት። ከተማ እንደገባን አንዱን ቅጂ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ እኔን ጋሽ በቀለ ሆስፒታል አደረሱኝ። ጠባቂዎቹ ወረቀቴን አይተው አስገቡኝ።

ደረጀ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። «ምን አገኘህ?» አለኝ።

«ጋቢ።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«አይተኸው ነበር?» አልኩት።

«ሁለት የሰው ቁመት ያህል ሲቀረኝ ከመሬት ተነሣ። ልመለስ ስል ደረሰብኝ።»

«ታዲያ አላስታውስም ምን ማለት ነው? ሊገድሉህ እኮ ነው!»

«ጋቢ ብል ጋቢው የማነው ይሉኛል። አሮጊቷን ታውቃታለህ አይደል? ባረፍኩ ቁጥር መሬት ስማ ነው የምትቀበለኝ። እሷን ካሰሩ ማን ያስፈታታል?» ደግሞም ቀጠለ፣ «ጋቢው የማን እንደሆነ ካወቁ ቀጥሎ ማን አዘዘሽ ማለታቸው አይቀርም። መመሪያውን የጻፍክ ዕለት አንብበህልኛል እኮ፤ ቢሮዬ ቆመህ፣ ደረትህን ነፍተህ። ሦስት ልጅ አለህ ሳሚ። ያንን ወረቀት ቅደደው።»

ላድነው የሄድኩት ሰው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ እኔን ሲያድነኝ ነበር። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

«ሦስት ቅጂ ነው» አልኩት ስረጋጋ። «አንዱ አሁን ደርሷል።»

«አንተ መቼም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲናወጥ ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም።

ጉለሌ

ጠባቂዎቹ ከደረጀ በር ከሳምንት በኋላ ተነሡ። ጽጌ ቤታችን መጥታ አባቴንም እኔንም አቅፋን ሄደች። እኔ ከማዕረጌ ዝቅ ተደርጌ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተላክሁ፤ ብሎን ስቆጥር አንድ ዓመት አለፈ። የባሰ ጠብቄ ስለነበር አልከፋኝም። አዲሱ መመሪያ ግን፣ ስሜ ከግርጌው ተነሥቶለት፣ በእትዬ አስካለ ቃል እንዳለ ወጥቷል።

ያ መንገድ ያስተማረኝን እዚህ ላይ ልናገር። ሄሊኮፕተር የሚጥሉትን ነገሮች ዝርዝር ለጋሽ በቀለ ስቆጥር የራሴን እጅ አልቆጠርኩም። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር ስጽፍ አስቀድሜ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አነብለታለሁ፤ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ያስደነግጠኛል።

የሆነውን ለአባቴ የነገርኩት በተመለስኩበት ምሽት ነው። ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለመቀበሪያዋ ነበር አልከኝ?» በማግሥቱ ድር መዘርጋት ጀመረ። ከሥራ ስመለስ ማጉን የማጠነጥንለት እኔ ነበርኩ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ጉድጓዱ አጠገብ የተቀመጥኩት ያኔ ነው።

ጋቢውን ደረጀ እግሩ ሲድንለት ራሱ ወሰደላት። ሲመለስ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«ምንም። ተቀብላ ሳመችው። እኔ ልነሣ ሞተሩን ሳስነሣ ግን አጣጥፋ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ቁጭ አለችበት» አለኝ። «ገደሉን እስካልፍ ድረስ አልተነሣችም።»